ለመጀመር ስንት ይፈጃል

ጥርስ ሠሪዋ ከሰው አፍ ጋር ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው፤ ከሰው ጋር ግን እምብዛም አታወራም። የምትሠራበት ክፍል ከጥርስ ክሊኒኩ ጀርባ ነው። ከፊት ያለችው ሐኪም የታካሚውን ልክ ወስዳ በጀሶ የተቀዳ መንጋጋ ትልክላታለች፤ እሷም በዚያ ልክ ድዱን አክሪሊክ በሚሉት ሮዝ ፕላስቲክ፣ ጥርሱን በነጩ ሠርታ ትመልሳለች። መደርደሪያዋ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች መንጋጋዎች ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ቃል አይተነፍሱም። ለእሷ ይሄ እፎይታ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ባለበት አፏን ልትከፍት ስትል ጉሮሮዋ ይደርቃል፣ ጆሮዋ ይግላል፣ ልትለው ያሰበችው ነገርም ብን ብሎ ይጠፋል።

አባቷ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበሩ። ነበሩ ነው ያልኳችሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ከተሳፋሪ ጋር ሲቀልዱና ሲከራከሩ ውለው፣ ማታ የከተማውን ወሬ ሁሉ ተሸክመው ይገቡ ነበር። ጡረታው ሲመጣ ወሬው አለቀ። ልጃቸው ቤት ገቡ፣ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ሳቡ፣ ከታች የሚያልፈውን አውቶቡስ መጠበቅ ጀመሩ። አንዳንዴ "ዘገየ" ይላሉ። ሌላ ጊዜ "ይሄ ልጅ ማርሽ ሊጨርስ ነው" ይላሉ። ከዚያ ውጭ ዝም ነው። ሁለቱ ዝምተኞች እራታቸውን በልተው፣ "ደህና እደሪ"፣ "ደህና እደር" ተባብለው ይለያያሉ። አባቷን ትወዳቸዋለች፤ ስትወዳቸው ለጉድ ነው። ግን በየት በኩል ገብታ ታጫውታቸው?

ሐኪሟ ሰኞ ሰኞ ፊቷ በርቶ ነው የምትገባው። አንዱን ሰኞ ጓንቷን እያጠለቀች፣ "ትናንት እኮ የንጉሡን ግምጃ ቤት ስሰርቅ እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ!" አለች።

ጥርስ ሠሪዋ በእጇ የያዘችው መንጋጋ ሊወድቅባት ነበር።

"ጨዋታ ነው ባክሽ" ብላ ሐኪሟ ሳቀች። "ጠረጴዛ ከባችሁ ትቀመጣላችሁ። አንዱ ተራኪ ነው። እዚህ ጫካ አለ፣ እዚያ ወንዝ አለ፣ ከፊታችሁ ሽፍታ ቆሟል እያለ ዓለሙን ያወራላችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ የፈለጋችሁትን ትሆናላችሁ፤ ሌባም በይው፣ ጦረኛም በይው። 'ምን ታደርጋላችሁ?' ሲላችሁ እንዲህ አደርጋለሁ ትላላችሁ። ይሳካል አይሳካም የሚለውን በየፊቱ ቁጥር ያለበት ዳይስ ተጥሎ ይወስነዋል።"

"በቃ?"

"በቃ! አጎቴን ብታይው፣ በቀን አምስት ቃል የማይወጣው ሰውዬ፣ ባለፈው ተኩላ ሆኖ ሲያላዝን ጎረቤት በር አንኳኳ።"

በቀን አምስት ቃል። ጥርስ ሠሪዋ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ትዝ አላትና፣ "ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?" ብላ ጠየቀች።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ልክፍት የያዘውን ሰው አይጠይቁትም። ሐኪሟ ሦስት መጽሐፍ አለች፣ ባለ ብዙ ፊት ዳይስ አለች፣ ትንንሽ ምስሎች፣ የተራራና የግንብ ቅርጾች፣ ካርታ የሚሳልበት ምንጣፍ፣ ተራኪው የሚከለልበት ማያ አለች። ጥርስ ሠሪዋ በዚያው ቀን ከሥራ ወጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ሻጩ ጡብ ጡብ የሚያካክሉትን መጻሕፍት ባንኮኒው ላይ ደረደረላት፣ ዋጋውን ደምሮ ነገራት። በደንብ ያልሰማች መስሏት እንዲደግምላት ለመነችው። ደገመላት፤ አልቀነሰም። ወር ሙሉ ስንት ሰው የምታስቆረጥምበት ደሞዟ ለዚያ አይበቃም።

ሻጩ በደግነት፣ "ይሄ እንግዲህ የጀማሪ ነው" አላት።

አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ግን እጇን እጇን አላት። የጀሶ ምስል? ጀሶ በኩንታል የሚገባበት ቤት ነው የምትሠራው። ዳይስ? ጥርስን ያህል ነገር የሚሠራ ሰው ለዳይስ ገንዘብ ሊከፍል! በማግስቱ ሐኪሟን አስፈቅዳ፣ ከሥራ የተራረፈውን አክሪሊክ ይዛ፣ ታካሚ ሁሉ ከሄደ በኋላ ተቀመጠች። ሃያ ፊት ያለውን ዳይስ በሰም ቀረጸች፣ በጀሶ ቀበረች፣ ሰሙን አቅልጣ አፈሰሰችና ቦታውን በሮዙ አክሪሊክ ሞላች። ሲደርቅ ቁጥሮቹን በመሰርሰሪያ ጻፈችበት። እዚህ ድረስ እጅ የሚያስቆረጥም ሥራ ነበር።

ከዚያ ልማድ ያዛት። ጥርስ ሠሪ ሹል ነገር ከእጇ እንዲወጣ አትፈቅድም፤ ያላለሰለሰችው ጠርዝ የሰው ምላስ ሲልጥ ይውላል። ዳይሱን ማለስለሻው ማሽን ላይ አስጠግታ፣ ጠርዙን ሁሉ ለአፍ የሚሠራ ይመስል ድቡልቡል አደረገችው። በነጋታው ምሳ ሰዓት ላይ ልትሞክረው ጠረጴዛዋ ላይ ጣለችው። ተንከባለለ። ከጠረጴዛው ወረደ። በሩን አልፎ ወረፋ መጠበቂያው ክፍል ገባና አንድ ታካሚ ጫማ ሥር ሄዶ አረፈ። ሰውዬው አጎንብሶ አነሳው። ድድ የመሰለ፣ ቁጥር የተጻፈበት ነገር ነው። ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ኮቱን ይዞ ውልቅ አለ፤ ያ ሰው እስከ ዛሬ ጥርሱን አልታከመም።

ሌላ ሠራች፤ እሱም ያው። ጠርዙን ሹል አድርጎ መተው እጇ እምቢ አላት። ትታው ወደ ተራሮቹ ዞረች። ሊጣሉ የተቀመጡ አሮጌ መንጋጋዎችን ገልብጣ ቀለም ቀባች። የአንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የታችኛው መንጋጋ የተራራ ሰንሰለት ወጣው፤ የአንዲት አስተማሪ የላይኛው ላንቃ ደግሞ ዋሻ ሆኖ ቁጭ አለ። ቀጥሎ ድልድይ፣ ቀጥሎ የወፍጮ ቤት፣ ቀጥሎ በሩ የሚከፈት የሚዘጋ ግንብ ሠራች። በመሐል ሐኪሟን ከእነዚያ ጡብ መሳይ መጻሕፍት አንዱን እንድታውሳት ጠየቀቻት።

"እኔ እኮ አንብቤው አላውቅም" አለች ሐኪሟ ሳታፍር። "እኛ ስንጀምር አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ነበረን። ሃያ ፊት ያለውን ትጥያለሽ፤ ከአሥር በላይ ከሆነ ተሳካ ነው።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ይበቃል መች አልሽኝ?"

እንዲህ ተብላም አልጀመረችም። ለግንቡ ጣሪያ ቀርቶታል አለች። ጣሪያው ሲያልቅ ዛፍ የለም አለች። ቤት የምትገባው እየመሸ ነው። አባቷ የእሷን እራት ከድነው አስቀምጠው ይጠብቋታል።

"ሥራ በዛብሽ?"

"በዝቷል አባዬ።"

ድንገት አምጥታ ልታስደስታቸው ስላሰበች ትንፍሽ አላለችም።

ታላቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። በደወለ ቁጥር "አባዬ፣ እኔ ጋ ና" ይላቸዋል፤ እሳቸውም በደወለ ቁጥር "እስቲ እናያለን" ይሉታል። አንድ ምሽት ግን "እሺ፣ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ" አሉት። ጥርስ ሠሪዋ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። ለምን ልትል ፈለገች። አትሂድ ልትል ፈለገች። አባቷ ከሄዱ ይህ ቤት ምን ቤት ነው? ከአፏ የወጣው ግን "እሺ" ብቻ ነው። በማግስቱም ከሥራ በኋላ ዛፍ ስትሠራ አመሸች።

ከላይ ፎቅ የምትኖረው ፀጉር ሠሪ በር አንኳኩታ የማታውቅ ጎረቤት ናት። ያን ሰሞን እንደ ልማዷ ዘው ብላ ስትገባ፣ የመኝታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጥርስ ሠሪዋ ከክሊኒኩ በድብቅ ያመላለሰችውን፣ አንሶላ የለበሰ ጉብታ አየች። አንሶላውን ገልጣ ተራራውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ግንቡን ተመለከተች።

"አንቺ! ከተማ እየገነባሽ ነው እንዴ? ምንድን ነው ይሄ?"

ጥርስ ሠሪዋ ነገረቻት፤ የአባቷንም ጉዳይ አልደበቀችም።

"እሳቸው ሊሄዱ ሳምንት ቀርቷቸዋል፤ አንቺ መቼ ልትጀምሪው ነው?"

"ዛፎቹ ትንሽ…"

"ዛፍሽ ገደል ይግባ! ምንም የቀረሽ ነገር የለም። ፈርተሽ ነው።"

ጥርስ ሠሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ሳምንት ስትሸሸው የነበረው ነገር ይኸው ፊት ለፊት መጣ። ተራኪ ማለት ሰው ፊት አፉን የሚከፍት ነው። ሽፍታ ሆኖ የሚያጓራ፣ ባልቴት ሆኖ የሚያጉረመርም፣ በሰው ፊት የሚቀልድ ነው። ይሄን በገንዘብ የሚሸጥላት ቢኖር ተበድራም ቢሆን ትገዛው ነበር።

"ጉሮሮዬ ይደርቃል" አለች።

"ውኃ እናስቀምጥልሻለን። እሁድ ከሰዓት ባሌን ይዤ እመጣለሁ" ብላ ፀጉር ሠሪዋ ወጣች።

እሁድ ደረሰ። የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተራሮቹ ተኮለኮሉ። ፀጉር ሠሪዋ ጦረኛ ልሁን አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ መቀስ ይዣለሁ፣ ዛሬ ጎራዴ ያምረኛል አለች። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ መብረቅ የሚወረውር ጠንቋይ ሆነ። አባቷ ከመስኮቱ አልተነሱም ነበር።

"ጋሼ፣ ሰው ጎድሎን እኮ ነው" አለቻቸው ፀጉር ሠሪዋ።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እኛስ ምን እናውቃለን? ይምጡ፣ አብረን እንደናበራለን።"

ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ። ጥርስ ሠሪዋ ምን መሆን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው።

"ሹፌር" አሉ።

"አባዬ፣ በዚያ ዘመን መኪና የለም።"

"ጋሪ አለ አይደል? ጋሪውን ስጪኝ።"

ጀመረች። "እ… በአንድ… በአንድ ሩቅ አገር…" አለችና ቆመች። ጆሮዋ ጋለ። ውኃ ጠጣች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጣሪያ ጣሪያ አየ፤ ፀጉር ሠሪዋ ከንፈሯን ነክሳ በዓይኗ "በርቺ" አለቻት። ጥርስ ሠሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። "መንገድ… መንገድ ላይ ናችሁ" አለች በመጨረሻ።

"መንገዱ ምን ዓይነት ነው?" አሉ አባቷ።

"እ?"

"አስፋልት ነው? ጠጠር ነው? ጭቃ አለው?"

"ጠጠር ነው… ሌሊት ዘንቧል።"

"ያንሸራትታላ! ቁልቁለት አለው?"

"አለው። ከታች ድልድይ አለ።"

"የእንጨት? ምን ያህል ይሸከማል?"

እየመለሰች ሄደች። ድልድዩ የእንጨት ነው፣ አንድ ሳንቃው ተነስቷል፣ ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። ከድልድዩ ወዲያ ጫካ፣ ከጫካው ወዲያ ጭስ ይታያል። እሷ ካልነገረቻቸው አባቷ ጋሪውን ንቅንቅ አያደርጉትም፤ ስለዚህ ነገረቻቸው። ወንዙ የቱ ጋ ነው ሲሉ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። ጉሮሮዋ መድረቁን የረሳችው የቱ ጋ እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

ድልድዩን እንደተሻገሩ ያዘጋጀችው ውጊያ ደረሰ። "ከጫካው ጭራቅ ይወጣል! ቁመቱ ዛፍ ያክላል፤ መንገዱ መሐል ቆሞ ክንዱን ወደ ላይ ያነሳል! ምን ታደርጋላችሁ?"

"ጎራዴዬን እመዛለሁ!" ብላ ፀጉር ሠሪዋ ከወንበሯ ተነሳች።

"እኔ መብረቅ…" አለ ባሏ፣ ከዚያ ትንሽ አሰበ። "መሬቱ እርጥብ ነው አላልሽም? እንዲህማ አልወረውርም፤ ሁላችንንም ነው የሚነዝረን። መጀመሪያ ደረቅ ነገር ላይ ውጡልኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጠንቋይ ነህ እኮ!"

"ጠንቋይስ ቢሆን? ጥንቃቄ ነዋ!"

አባቷ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱንም ጸጥ አሰኙ። "አቆማለሁ" አሉ።

"ምኑን አባዬ?"

"ጋሪውን ነዋ። መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ያነሳ ተሳፋሪ ነው፤ ጥዬው አላልፍም።"

"አባዬ፣ ጭራቅ ነው እኮ! እጁን ያነሳው ሊመታችሁ ነው!"

"ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ" አሉ አባቷ ሳይደነግጡ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል ብለው ወደ ላይ፣ ወደማይታየው ጭራቅ አንጋጠጡ። "የት ነህ ወንድሜ? ወዴት ነህ?"

ሦስቱም ወደ ጥርስ ሠሪዋ ዞሩ። ጭራቁ መልስ አልተዘጋጀለትም፤ እንዲያጓራና እንዲሞት ነበር የታሰበው። አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው፣ ከእምብርቷ ሥር የሚመጣ ወፍራም ጉርምርምታ ነበር። "እናቴ… ጋ… ነኝ።"

ፀጉር ሠሪዋ ጠረጴዛውን ደብድባ ሳቀች። ባሏ እንባው መጣ። አባቷ አልሳቁም፤ ሥራ ላይ ናቸው። "ግባ፣ ግባ። ወደ መሐል ጠጋ በል፣ ጋሪው ያጋድልብኛል። አንቺ ጎራዴሽን ሰብስቢ፣ ሰው ዓይን ትወጊያለሽ።"

"ጋሪው ሳይሰበር ይሳፈራል አይሳፈርም፣ ዳይሱ ይወስናል" አለች ጥርስ ሠሪዋ፣ ሮዙን ዳይስ ለአባቷ እየሰጠች።

ጣሉት። ተንከባለለ፣ ተራራውን ታከከ፣ በአስተማሪዋ ላንቃ ውስጥ ሾልኮ አለፈ፣ ከጠረጴዛው ወረደ፣ አሁንም ሄደ።

"ይሄ ነገር ፍሬን የለውም እንዴ?" አሉ አባቷ፤ አሁን ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። እንደ ድሮው፣ ትከሻቸውን እየነቀነቁ ሳቁ። ጥርስ ሠሪዋ ያንን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በደረቱ ተኝቶ፣ በስልኩ መብራት ቁም ሳጥኑ ሥር ገብቶ ጮኸ፤ "አሥራ ዘጠኝ! ተሳፍሯል! እንዳትነኩት፣ መጥታችሁ እዩ!" ሁሉም ተንበርክከው አዩ። እውነትም አሥራ ዘጠኝ ነው።

ጋሪው ቀጠለ። ፀጉር ሠሪዋ ጎራዴዋን ጥላ የጭራቁን ጭብርር ያለ ፀጉር ልታስተካክልለት ተያያዘችው። ጠንቋዩ ሰማዩን እያየ ዝናብ እንዳይመጣ ሲጸልይ፣ አባቷ ልጓሙን እንደያዙ ጭራቁን ስለ እናቱ፣ ስለ ሠፈሩ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁት። ጭራቁም ወሬ ወዳድ ሆኖ ተገኘ። ጥርስ ሠሪዋ ስታወራ ቆይታ ቆይታ፣ ሳታስበው በዚያው ወፍራም ድምፅ ጠየቀች፤ "አንተስ፣ ሹፌር? አንተ ወዴት ነህ?"

"እኔማ ወንድ ልጄ ጋ ነኝ። ሩቅ ነው" አሉ አባቷ ልጓማቸውን እንደያዙ።

"እዚህ… ሰው… የለህም?"

"አለችኝ እንጂ። ሴት ልጅ አለችኝ፣ ወርቅ የሆነች ልጅ። ግን ሰሞኑን እያመሸች መግባት ጀምራለች። ሥራ ነው ትላለች፤ እኔ መቼም ይገባኛል። ሽማግሌ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ቤት ማን ቶሎ ይገባል? ስለዚህ እንዳልከብዳት ብዬ ነው።"

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወፍጮ ቤቱን አየ። ጥርስ ሠሪዋ አሁን ገባት። ለካ እሳቸውን ለማጫወት የሠራችው እያንዳንዱ ዛፍ እሳቸውን ከቤት ሲያስወጣ ከርሟል። ስለ ዋጋው ሱቅ ገብታ ተጨንቃ ነበር፤ ትልቁን ሂሳብ ግን አባቷ በየማታው፣ እራቷን ከድነው እየጠበቁ ሲከፍሉ ነበር።

ጭራቁን እዚያው ጋሪው ላይ ተወችው። በራሷ ቀጭን ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረች። "አባዬ፣ የማመሸው ይሄን ስሠራ ነው። ይሄ ተራራ፣ ይሄ ድልድይ፣ ያ የተረገመ ዳይስ፣ ሁሉም ለአንተ ነው። እንድትጫወት ብዬ፣ እንድታወራኝ ብዬ። መጀመር ፈርቼ ስሠራ ስሠራ ቀኑ ሄደብኝ። አትከብደኝም። አትሂድብኝ።"

አባቷ አጎንብሰው ግንቡን አዩ። ትንሿን በር በጣታቸው ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። "ይሄን ሁሉ?" አሉ። "እኔ እኮ ሥራ ነው ስትይ…" አሉና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ሞኝ ነሽ። እኔም ሞኝ ነኝ። ማንን ትመስዪ!"

ፀጉር ሠሪዋ ጮክ ብላ ንፍጧን ሳበች። ባሏ ብስኩት አዞረ።

አባቷ ጉሮሯቸውን አጸዱና ስልካቸውን አወጡ። ቁጥሩን ነክተው፣ ድሮ አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ለኋለኛው ወንበር በሚናገሩበት ድምፅ ተናገሩ፤ "ሄሎ ልጄ! አልመጣም። ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ? ሰው ጭኛለሁ። ጡረታ መውጣቴንማ አውቃለሁ፤ ጭራቅ ነው የጫንኩት፣ እናቱ ጋ ነው የሚሄደው፣ መንገዱ ሩቅ ነው። አልሰከርኩም! ሻይ ነው የጠጣሁት!" አዳመጡና ስልኩን ለጥርስ ሠሪዋ ዘረጉላት። "ወንድምሽ ደንግጧል። እህቴን አገናኙኝ እያለ ነው።"

ስልኩን ተቀበለች። ሦስቱም ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። ውኃዋን አንድ ጊዜ ጎንጨት አለችና፣ በጭራቁ ድምፅ "ሄሎ" አለችው።